አጉራሹ የት ይቆማል?
(ስለ ድቡልቡል ታንኮችና ስለ ጎባ ጭቃ)

በአገራችን ሒስ የሚጻፈው ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥምና ስለ ቴአትር፣ ሲበዛ ደግሞ ስለ ሥዕልና ስለ ዘፈን ነው። ስለ አሻንጉሊት የተጻፈ ሒስ አንብቤ አላውቅም። «የልጅ ነገር» ተብሎ ይታለፋል መሰለኝ። እኔም ብሆን ባለፈው ክረምት ጎባ፣ እቤቴ፣ አንድ ጥያቄ ባይነሣ ኖሮ ብዕሬን ለዚህ ጉዳይ ባላነሣሁ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው።

ውጭ አገር የሚኖር ዘመዳችን ለጥየቃ ሲመጣ ለእህቴ ልጅ ሁለት ካርቶን ይዞለት መጣ። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። በአንደኛው ካርቶን ውስጥ ያለው ፓንተር የተባለው የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የጀርመን ታንክ የፕላስቲክ ሞዴል ነው። በሁለተኛው ውስጥ ያለው ደግሞ የዚያው ታንክ ቱሬት ነው። ቱሬት ማለት መድፉን ይዞ ዙሪያውን የሚዞረው የታንኩ ራስ ነው፤ ይህኛው ግን ከገላው ተለይቶ፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ ባላለ የኮንክሪት ምሽግ ላይ ተተክሏል። ሁለቱም ሞዴሎች የእውነተኛውን መልክና ልክ ጠብቀው የተሠሩ አይደሉም። እንደ ካርቱን ፊልም ገጸ ባሕርያት አጥረው፣ ወፍረው፣ ተድቦልቡለዋል። የጎባ ክረምት ደግሞ ከቤት አያስወጣም። ዝናቡና ጉሙ ሲፈራረቁ እኔና ልጁ ሦስት ምሽት ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። ክፍሎቹን በጥፍር መቁረጫ እየቆረጥን፣ ያለ ማጣበቂያ እርስ በርስ እያቆላለፍን ሠራናቸው። ቀለም ስላልነበረን የከሰል ብናኝ በጨርቅ ይዘን አሸናቸው። አማረባቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ከልጁ ባላነሰ ደስ ብሎኝ ነበር።

በአራተኛው ቀን አጎቴ ሊጠይቁን መጡ። አጎቴ በ1970 ዓ.ም. በምሥራቁ ጦር ግንባር የቲ-55 ታንክ አጉራሽ ነበሩ። አጉራሽ ማለት ጥይቱን ከተደረደረበት እያነሣ ለመድፉ የሚያጎርስ ወታደር ነው፤ ቋንቋችን ለወዳጅ የምናጎርስበትን ቃል ለመድፍም ሰጥቶታል። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ታንኩን በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ሆዱን አዩት። ክዳኑን በጥፍራቸው ሊከፍቱት ሞከሩ፤ ክዳኑ ግን በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸ መስመር እንጂ የሚከፈት አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉና፣

«አጉራሹ የት ይቆማል?» አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ታንኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሻያቸውን አነሡ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

*

በቅድሚያ ጥበቡን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የታንክ ሞዴል መሥራት በጃፓን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ጎልማሶች ሳይቀሩ ዕድሜያቸውን የሚሰጡት ጨዋታ ነው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያውን የታንክ ሞዴል ሲያወጣ የመረጠው ይህንኑ ፓንተርን ነበር። ያ ሞዴል በባትሪ የሚሄድ በመሆኑ ሆዱ ባትሪውንና ሞተሩን እንዲችል ተደርጎ ተለካ፤ ልኩም የእውነተኛው ታንክ 35ኛ እጅ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ አብዛኛው የታንክ ሞዴል ሠሪ እንደ ሕግ የሚከተለው 1/35 የተባለው ልክ የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በትክክለኛነቱ የሚወደሰው ይህ ልክ ራሱ የተወለደው ከባትሪ ውፍረት ነው።

ካርቱናዊው ስልት ለዚያ የትክክለኛነት አምልኮ ጀርባውን የሰጠ ነው። ሜንግ የተባለው የቻይና ኩባንያ «ወርልድ ዋር ቱንስ» በሚል ስያሜ ያወጣቸው ድቡልቡል ታንኮች በዚህ ረገድ ከታወቁት መካከል ናቸው። ከእነሱ በፊት «ድራጎን ቦል» በተባለው ሥራው ዓለም ያወቀው ጃፓናዊው የሥዕል ታሪክ ደራሲ አኪራ ቶሪያማ (እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 2024) አጫጭርና ወፍራም ታንኮችን ይሥል ነበር። ቶሪያማ ራሱ ሞዴል መሥራት የሚወድ ሰው ነበር።

የስልቱ አሠራር እንዲህ ነው። እውነተኛው ፓንተር ከነመድፉ ርዝመቱ ከ8 ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ ክብደቱም 45 ቶን ገደማ ነው። በየጎኑ ስምንት ስምንት ትልልቅ ጎማዎች አሉት። ከእኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው ግን ጎማው በየጎኑ አራት ሆኗል፤ ገላው በግማሽ አጥሯል፤ ረጅሙ መድፍ እንደ ቧንቧ ቁራጭ ወፍሮ ቀርቷል። ራሱ፣ ማለትም ቱሬቱ፣ ከገላው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። ይህን ልክ የት አውቀዋለሁ ብዬ ብዙ አሰብሁ። ለካ የምናውቀው ከሕፃን ነው! ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1943 እንደጻፈው፣ ትልቅ ራስ፣ ክብ መልክና አጭር እጅና እግር ባየን ጊዜ ሳናስበው እንራራለን፤ ማቀፍ እንፈልጋለን። ካርቱናዊው ሞዴል ሠሪ ያደረገው ይህንኑ ነው። 45 ቶን ብረትን የሚታቀፍ ሕፃን አደረገው።

በዚህ ብቻ ወንጀለኛ ልንለው አንችልም። ግነት የጥበብ ሁሉ መሣሪያ ነው፤ እኛም በግጥማችን፣ በቀረርቷችንና በፉከራችን ስንገለገልበት ኖረናል። የሒሰኛ ጥያቄ «ተጋነነ ወይ?» አይደለም። «ምን ተጋነነ? ምን ተቀነሰ? ምን ተጣለ?» ነው።

*

የራሳችንን ሠዓሊዎች እንመልከት። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳኑና ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ደግሞ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ በጎን ይሣላሉ። ይኸው ልማድ ወደ ዐድዋ ሥዕሎች ተሻግሮ ጠላት በአንድ ዓይን፣ ወገን በሁለት ዓይን ቆሞ እናየዋለን። የዓይኖቹ ትልቀት በየትኛውም የአናቶሚ ትምህርት ልክ አይደለም። ነገር ግን ያ ግነት ፍርድ አለበት። ሠዓሊው ዓይንን ሲያተልቅ «እዚህ ሰው አለ፤ ያያችኋል» ማለቱ ነው። አንዱን ዓይን ሲደብቅ ደግሞ ከማን ወገን እንደቆመ ይነግረናል። ከመጠን ያለፈውም የጎደለውም የሰው ፊት ነው።

ታሪክም ራሷ አንዳንዴ ካርቱን ትሠራለች። በ1928ቱ ወረራ ጊዜ ኢጣልያኖች ያመጧቸው ፊያትና አንሳልዶ የሠሯቸው ትንንሽ ታንኮች ቁመታቸው 1.3 ሜትር ገደማ ነበር። አንድ ጎልማሳ አጠገባቸው ቢቆም ጣሪያቸው ደረቱ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ክብደታቸው ሦስት ቶን ከጥቂት፣ ሠራተኞቻቸውም ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ነጂውና ተኳሹ ጎን ለጎን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጡ ነበር። ዋናው ጉድለታቸው ቱሬት አልነበራቸውም። መትረየሳቸው ፊት ለፊት ተተክሎ በጥቂቱ ወደ ግራና ቀኝ ከመወዝወዝ በቀር ዙሪያውን አይዞርም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ደምበጊና ማለፊያ ላይ የራስ እምሩ ጦር ይህን ጉድለት አወቀበት። ተዋጊዎቹ በጎንና በኋላ እየቀረቡ፣ ላያቸው ላይ እየዘለሉ ታንኮቹን ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው፤ ሠራተኞቹም አብዛኞቹ አለቁ።

ይህን ታሪክ ልጆች ሳለን ስንሰማ እንስቅ ነበር፤ የጣልያን ታንክ በጎራዴ ተማረከ እየተባለ። ዛሬ ግን ያንን ትንሽ ብረት ሳስበው የሚታየኝ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎች ናቸው። ጠላት ናቸው፤ አገር ሊወርሩ የመጡ ናቸው። የተገባቸውን አገኙ ቢባልም አልከራከርም። ነገር ግን ታንክ ትንሽ ሲሆን ሰው አብሮ አያንስም። ከሰው ደረት በማይበልጥ ብረት ውስጥ ሁለት ሙሉ ሰው ነበረ። እውነተኛው ካርቱን ይህ ነው፤ ሳቁም ድንጋጤውም ከአንድ ቦታ ይመጣል።

*

አሁን ወደ ጎባ ልመለስ። የታንክ ሞዴል ወደ ጎባ ሲመጣ የእህቴ ልጅ ካርቶን የመጀመሪያው አይደለም። እኛ በ1970 ዓ.ም. ሠርተናል። በፋብሪካ ሳይሆን በጭቃ።

ጦርነቱ በ1969 ክረምት በምሥራቅና በባሌ ቆላ በኩል ሲገባ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታንክ በዓይኔ አላየሁም። ጓደኞቼም አላዩም። ያየነው በጋዜጣ ላይ የታተመ ደብዛዛ ፎቶግራፍ ነው፤ የቀረው ከወታደሮች አፍ የሰማነው ነው። ስለዚህ የእኛ ታንክ በጆሮ የተሠራ ታንክ ነበር። ከቶጎና ወንዝ ዳር ጭቃ እንቆፍራለን፤ ግማሾቻችን ጭቃ፣ ግማሾቻችን ዾቄ እያልን። እንዳይሰነጠቅ የገብስ ገለባ እንቀላቅልበታለን። የጎባን ፀሐይ ማመን ስለማይቻል ምድጃ ዳር እናደርቀዋለን፤ እናቶቻችን እየተቆጡ። ጎማው የለስላሳ ቆርኪ ነው። የሰንሰለቱ ጥርስ በማበጠሪያ ይታተማል። መድፉ የእስክሪፕቶ ቀፎ ነው፤ አንዳንዴም ሁለት ቀፎ ተቀጣጥሎ ከታንኩ ሁለት እጅ የሚረዝም። ልክ አልነበረም። እኛ ግን ስለ ታንክ አብዝተን የሰማነው መድፉን ስለነበረ መድፉ ረዘመ። የቻይናው ወይም የጃፓኑ ሠሪ መድፉን ያሳጥራል፤ የጎባ ልጅ ያስረዝማል። አንዱ ታንክን የሚያውቀው ከመደርደሪያ ላይ ነው፤ ሌላው አባቱ ወይም ወንድሙ ከሄደበት ነው።

ዋናው ነገር ግን መድፉ አይደለም። ቱሬቱን ካድቦለበልን በኋላ በአውራ ጣታችን አናቱን እንበሳዋለን። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ባቄላ እናስገባለን። ባቄላው ታንከኛ ነው። በመጀመሪያ አንድ ባቄላ ነበር። በኋላ ከግንባር የተመለሰ አንድ ቁስለኛ «ውስጡ ያሉት አራት ናቸው» ብሎ ስለነገረን አራት ባቄላ ሆነ፤ ቱሬቱም ለአራት ባቄላ እንዲበቃ ገላውን አክሎ ወፈረ። እንግዲህ የእኛም ታንክ ድቡልቡል ሆነ ማለት ነው! ግን የወፈረው ለመታቀፍ አይደለም። ሰው እንዲይዝ ነው።

ለጨዋታው ሕግ ነበረው። ሁለት ታንክ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ባለቤቶቹ በተራ ጠጠር ይወረውራሉ። ሊመታ መሆኑን ያወቀ ልጅ ጠጠሩ ከመወርወሩ በፊት «ውረድ!» ብሎ ባቄላዎቹን ማውጣት ይፈቀድለታል፤ ታንኩን ግን ተሸነፈ። ባቄላዎቹን ውስጥ አስቀምጦ የደፈረ ልጅ ታንኩ ቢሰበር ባቄላዎቹ ይቆጠራሉ፤ የተሰነጠቀ ሞቷል። ማንም አዋቂ ይህን ሕግ አላስተማረንም። «ታንኩን ላድን ወይስ ባቄላዎቹን?» የሚለው ጥያቄ ግን ከየካቲት ብርድ ጋር አብሮ ትዝ ይለኛል።

የማን ወገን ታንክ ነው በሚለው ላይ ግን ሁልጊዜ እንጣላ ነበር። ጠባችን ትልቅ ሰዎችንም የሚያስቸግር ነበር። ሶማሊያ ጦርነቱን የጀመረችው ሶቪየት ሠራሽ በሆኑ ቲ-34 እና ቲ-55 ታንኮች ነው። የእኛ ጦር በበኩሉ ኤም-41ን የመሳሰሉ የአሜሪካ ታንኮች ነበሩት። ሶቪየቶች ፊታቸውን ወደ እኛ ካዞሩና ኅዳር 1970 ላይ ከሶማሊያ ከተባረሩ በኋላ ግን በሁለቱም በኩል ቲ-55 ተሰለፈ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ድል ሲሆንና ጅጅጋ ስትመለስ ከወዲህም ከወዲያም የነበረው ታንክ ክዳኑም፣ ወንበሩም፣ የአጉራሹ ቦታም አንድ ዓይነት ነበር። ጭቃችን ይህንን ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ነበርና።

ጦርነቱ አልፎ የስንዴ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ መድፉን እንነቅልና በምትኩ የማበጠሪያ ስባሪ ፊት ለፊት እንሰካለን። ታንኩ ኮምባይነር ይሆናል። ከጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደው ሮቤና ሲናናን ያዩ ሰዎች ኮምባይነር ለባሌ ልጅ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ባቄላዎቹ አይለወጡም ነበር። ታንከኛው የኮምባይነር ሾፌር ይሆናል።

*

ከሁለቱ የፕላስቲክ ሥራዎች የትኛው ይበልጣል ብባል ያለ ማመንታት ምሽጉን እመርጣለሁ። የታንኩ ግነት ውሸት አለበት። አጫጭር እግሮቹ ዱብ ዱብ እያለ የሚሮጥ ያስመስሉታል። የምሽጉ ቱሬት ግን እግር የለውም። እስከ አንገቱ የተቀበረ ሰው ይመስላል፤ ዙሪያውን ያያል እንጂ ንቅንቅ አይልም። ሠሪው ይህን ቱሬት ሲያድቦለብልና ኮንክሪቱን ሲያሳጥር እውነቱን አጎላው እንጂ አልደበቀውም።

ነገሩ እውነተኛ ታሪክ አለው። ጀርመኖች ከፈረንሳይ የማረኳቸውን የአሮጌዎቹን ሬኖ ታንኮች ቱሬት እየነቀሉ በባሕር ዳርቻ ምሽጎች ላይ ተክለው ነበር። እነዚያን አናታቸው ክፍት የሆነ ትንንሽ የኮንክሪት ጉድጓዶች «ቶብሩክ» ይሏቸው ነበር፤ ስሙ የመጣው ኢጣልያኖች በመሸጓት በሊቢያዋ ቶብሩክ ነው። ቶብሩክ ከኢጣልያኖች እጅ የወጣችው ጥር 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን መሬት ከረገጡ ከሁለት ቀን በኋላ። በኋላ ደግሞ ጀርመኖች አዲሱን የፓንተር ቱሬት ኢጣልያ ውስጥ በመከላከያ መስመሮቻቸው ላይ ቀበሩት። ግንቦት 15 ቀን 1936 ዓ.ም. በሊሪ ሸለቆ የሂትለር መስመር በተባለው ላይ የካናዳ እግረኞችና የእንግሊዝ ታንኮች ጥቃት ሲከፍቱ፣ ከመሬት እምብዛም ብቅ ያላሉት እነዚህ ቱሬቶች ብዙ ታንክ አቃጥለውባቸዋል። መስመሩ ግን ተሰበረ። መሸሽ የማይችል መሣሪያ ዕጣው ይኸው ነው።

ይሁንና ምሽጉም ከአጎቴ ጥያቄ አያመልጥም። ከእውነተኛው ቱሬት ሥር፣ በመሬት ውስጥ፣ የብረት ክፍል ነበር። ወታደሮቹ የሚተኙበት አልጋና የሚሞቁበት ምድጃ ነበረው። ሞዴሉን ገልብጬ ሳየው ሥሩ ልሙጥ ነው። ለመክደን ብቻ የተሠራ ወለል ነው። ከመሬት በላይ ያለው ተጋኗል፤ ከመሬት በታች ያለው ተጥሏል። የተጣለው ደግሞ ሰው ያለበት ክፍል ነው። ይህ የሁለቱም ሥራዎች የጋራ ጉድለት ነው፤ የእኔም ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ነው።

«ሲያጥር ሰው ማስገቢያ ቦታ ከየት ይመጣል?» የሚል ቢኖር ቶሪያማን አሳየዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው «ሳንድ ላንድ» በተሰኘው የሥዕል ታሪኩ ውስጥ ያለው ታንክ እንደ ድንች የተድቦለቦለ ነው። ነገር ግን ውስጡን ያሳየናል፤ ማን እንደሚነዳ፣ ማን እንደሚተኩስ እናያለን። ታንኩን የሚመራውም ያለፈውን ጦርነት የማይረሳ አሮጌ ወታደር ነው። ያ ታንክ ያስቃል። የሚያስቀው ግን ሰው አውጥቶ አይደለም። ደግሞም ፍትሐዊ ልሁንና፣ 1/35 ልኩን ጠብቀው ከተሠሩት ሞዴሎች ብዙዎቹም ብሎናቸው ተቆጥሮ፣ ዝገታቸው በብሩሽ ተቀብቶ ባዶ ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱ የካርቱን አይደለም። ብረትን ከሰው አስበልጦ የማየት ጥፋት ነው፤ ካርቱኑ ይህን ጥፋት በፈገግታ ይሸፍነዋል እንጂ።

*

አጎቴ በድጋሚ የመጡ ቀን ዝናቡ አባርቶ ነበር። «ጋሼ፣ የዚያን ቀን ጥያቄዎን እስኪ ያስረዱን» አልኳቸው። እንጨት አንሥተው ወደ ግቢው ወጡ። በእርጥቡ መሬት ላይ ክብ ሣሉ፤ ስፋቱን በስንዝራቸው ለኩት፤ ስምንት ስንዝር ገደማ ሆነ። የቲ-55 ቱሬት የሚዞርበት ቀለበት ስፋቱ 1.8 ሜትር ያህል ነውና ብዙም አልተሳሳቱም። በክቡ መሐል ወፍራም መስመር አሰመሩ፤ ይህ የ100 ሚሊ ሜትሩ መድፍ ቂጥ ነው። በግራ በኩል ፊት ተኳሹ፣ ከኋላው አዛዡ። ነጂው ከክቡ ውጭ፣ ከፊት ለብቻው። በቀኝ በኩል፣ በመስመሩና በክቡ መካከል አንዲት ጠባብ ቦታ ቀረች።

«ና እዚህ ቁም» አሉት ልጁን። ቆመ። አጎቴ ወደ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ጣሪያውን አሳዩት፤ ልጁ ቀና ብሎ መቆም ቻለ፤ እኔ ስገባ ግን ጎንበስ በል ተባልኩ። አንዱ ጥይት 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ታንኩ 43 ይይዛል። ከዚያች ቦታ ላይ፣ ታንኩ እየተንገጫገጨ፣ እየታቀፉ ማንሣት፣ ማዞር፣ ማጉረስ ነው። በመጨረሻ ከመድፉ ቂጥ ኋላ ሌላ ቀጭን መስመር አሰመሩ። «ሲተኮስ እስከዚህ ድረስ ይመለሳል» አሉት፤ «ከዚህ መስመር ያለፈ እጅ አብሮህ አይወጣም።» ልጁ እጆቹን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል አልጨመሩም። ልጁም አልጠየቀም።

እኔ በዕድሜዬ ካየኋቸው የታንክ ሞዴሎች ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው። ልኩ 1/1 ነው፤ ፕላስቲክም ብረትም የለውም። ማታ ዝናብ መጥቶ አጠበው።

እህቴ ይህን ጽሑፍ ሳነብላት «ልጁን ተወው ይጫወትበት» አለችኝ። ልክ ናት። እኔ አይጫወት አላልኩም። ሕፃን ሆኖ በጦር መሣሪያ ያልተጫወተ ከመካከላችን ማን አለ? የእኛ አገር ልጆች ግን ታንክን ከካርቶን ሳጥን ብቻ አያውቁትም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር መንገዶች ዳር የተቃጠሉ ታንኮች ጥሎ ሄዷል። ልጆች ላያቸው ላይ ይወጣሉ፤ በሚዞረው ራስ ላይ ይቀመጣሉ። እነዚያ ልጆች ጭቃ ሲያገኙ ምን እንደሚሠሩ መገመት አይከብድም። እኛ ሒሰኞች፣ መምህራንና ወላጆች ደግሞ የእጃቸውን ሥራ «የልጅ ነገር» ብለን ማለፋችንን ማቆም አለብን። የሠሩትን አንሥተን ማገላበጥ፣ ሆዱን ማየትና አጎቴ የጠየቁትን መጠየቅ ይኖርብናል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ድቡልቡሉ ፓንተር በእጅ ሥራው ንጹሕ፣ በግነቱ ብልህ፣ በሐሳቡ ግን ባዶ ነው። ምሽጉ ከእሱ ይሻላል፤ ግማሽ እውነት ይዟልና። የጎባ የጭቃ ታንክ በልክም በውበትም ከሁለቱ ያንሳል፤ ዝናብ ሲያገኘው ይፈርሳል፤ ነገር ግን አናቱ ላይ በአውራ ጣት የተበሳ ቦታ አለው። ታንክ ያሳጠረም ያስረዘመም፣ ያወፈረም ያቀጠነም እንደ ፈቃዱ ያድርግ። ያችን ቦታ ግን አይድፈናት።